ጎርፍ የማይገባበት የግንባታ ቦታ፦ ተዳፋት አወጣጥና የጨፌ አሠራር ደረጃ በደረጃ

ቤቱ ያልቃል። አጥሩ ይታጠራል። ኮብልስቶኑ ይነጠፋል። ሐምሌ ሲገባ ውሃው ሳሎን ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው ቦይ ቁፋሮ የሚጀመረው። ቦዩ ደግሞ የሚደርስበት የለውም፤ ጫፉ ላይ የጎረቤት ግንብ ቆሟል።

ችግሩ የገንዘብ ወይም የማሽን እጥረት አይደለም። ቅደም ተከተሉ ነው የሚበላሸው። ብዙ ሰው ከቤቱ ጀምሮ ወደ ታች ይሠራል። የውሃ ሥራ ግን የሚጀመረው ከታች ነው። መጀመሪያ ውሃው ከግቢ የሚወጣበት፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሰዓት የሚቆይበት ጨፌ፣ ከዚያ ወደ ጨፌው የሚወስዱት ቦዮች፣ መጨረሻ ላይ የቤቱ ዙሪያ። ከዚህ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ።

መመሪያው በማህበር ተደራጅተው ለሚሠሩ፣ ለትንንሽ አልሚዎችና ለፎርማኖች ነው። ለምሳሌ የያዝኩት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ጥቁር አፈር ላይ ያለ 2 ሄክታር ቦታ ነው። ቀይ አፈር ወይም ቆላ ላይ ለሆናችሁ የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት የምታጣሩት

ወንዝ ዳር ናችሁ? አቃቂም ይሁን ሌላ ወንዝ፣ ራሱ ሞልቶ የሚደርስበት መሬት ላይ ከሆናችሁ ስሎፕ (የመሬቱ ተዳፋት) ብቻውን አያድናችሁም። ምልክቱ ቀላል ነው። ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል፣ ግንብ ላይ የቀረ የደለል መስመር፣ በአንድ በኩል የተኛ ሳር ፈልጉ። አካባቢው ላይ ያረጁ እናቶችንና አባቶችን ጠይቁ፤ ውሃው እስከ የት እንደመጣ በእጃቸው ያሳዩዋችኋል። እዚያ ድረስ ያለውን መሬት ቤት አትሥሩበት። ከተማው ለወንዝ ዳር የከለለውን ርቀትም ከወረዳው ወይም ከክፍለ ከተማው ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙ።

ቦታው ላይ የቆየ ጨፌ አለ? አትድፈኑት። ሲኖትራክ ለአንድ ሳምንት አፈር ቢደፋበት መሬት የተገኘ ይመስላል። ውሃው ግን አድራሻውን አይቀይርም፤ ቀድሞ የሚተኛበት ቦታ ሲያጣ ከፍ ብሎ ይተኛል። ለዚህ ሥራ ከሁሉም የሚቀናው ቦታ ያ የቆየ ጨፌ ነው።

ፈቃድስ? ትልልቅ ፕሮጀክቶች በሕግ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሊጠየቁ ይችላሉ። የእናንተ ይገባ እንደሆነ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዲዛይኑ ሳያልቅ ጠይቁ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች መነሻ ናቸው። በመጨረሻው ዲዛይን ላይ ሲቪል መሐንዲስ ይፈርምበት።

## ደረጃ 1፦ ቦታውን እየዘነበ እዩት

በበጋ የታየ ቦታ አልታየም። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲጀምር ቦት ጫማ አድርጋችሁ ውጡ።

1. ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከላይኛው ጎረቤት ወይም ከአስፋልቱ ነው።
2. የሚሄድበትን መስመር ተከትላችሁ በየ10 ሜትሩ ችካል ምቱ።
3. የሚተኛበትን ቦታ ዙሪያውን ችካል ምቱ።
4. ከግቢው የሚወጣበትን ነጥብ በቀለም ምልክት አድርጉ። ፎቶ አንሡ፤ ቀኑ ይታይ። ነገ ከጎረቤት ጋር ክርክር ቢነሳ ማስረጃችሁ ይህ ነው።
5. ዝናቡ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ። ያልጠፋው ውሃ የት እንዳለ መዝግቡ።

ክረምቱ ካለፈባችሁ የደለል ክምር፣ ቄጤማ የበቀለበትና ሳሩ በበጋም አረንጓዴ የሆነበትን ቦታ ፈልጉ። እነዚህ አይዋሹም።

## ደረጃ 2፦ ከፍታውን ለኩ

በዓይን አትመኑ። አጥር ያለበት ግቢ በተለይ ያታልላል፤ ግንቡ አግድም ስለሆነ መሬቱም አግድም ይመስላል።

ለ2 ሄክታር ቀያሽ በቶታል ስቴሽን (የርቀትና የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) እንዲለካ ክፈሉ። በየ10 ሜትሩ ነጥብ እንዲይዝና ከግቢው ውጭ፣ ከመውጫው በታች ቢያንስ 30 ሜትር ድረስ እንዲለካ ንገሩት። ይህን ሳትነግሩት ቀያሹ አጥሩ ላይ ይቆማል። ውሃው ግን አጥሩ ላይ አይቆምም።

ለዕለት ተዕለት ቁጥጥር ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያነሱበት ግልጽ ጎማ ይበቃል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጎማ ውሃ ሙሉበት። በአንዱ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ሙሉ፤ የአየር አረፋ ከቀረ ልኬቱ ይሳሳታል። አረፋ ካያችሁ ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ በጣት መታ መታ አድርጉት።
2. አንድ ሰው ከላይኛው ችካል ጋር፣ ሌላው ከታችኛው ጋር የጎማውን ጫፍ ቀጥ አድርገው ይያዙ።
3. ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ። ከመሬት እስከ ውሃው ያለውን ቁመት ሁለቱም በሜትር ያንብቡ።
4. ላይኛው 80 ሴንቲሜትር፣ ታችኛው 130 ካነበበ፣ ታችኛው በ50 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። በ20 ሜትር 50 ሴንቲሜትር ማለት 2.5 በመቶ ስሎፕ ነው።

ከተሳሳተ፦ ሁለቱ ሰዎች ቦታ ተቀያይረው ይለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ አየር አለበት ወይም ጎማው ተጣጥፏል።

## ደረጃ 3፦ ውሃውን አስሉ

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ሁሉም ሒሳብ ከዚህ ይወጣል።

ከዝናቡ ምን ያህሉ እንደሚፈስ እንደ መሬቱ ይለያያል። ከቆርቆሮና ከኮንክሪት 90 በመቶው ገደማ ይፈስሳል። ከኮብልስቶን ከ60 እስከ 70። ሳር ከለበሰ መሬት 30 ገደማ። ምሳሌያችን ላይ ከግንባታ በፊት 30 በመቶ ይፈስስ የነበረው፣ ቤቱና መንገዱ ሲያልቅ በአማካይ 70 ይሆናል እንበል።

50 ሚሊሜትር በአንድ ጊዜ ቢወርድ፦ 20,000 ካሬ ሜትር × 0.05 ሜትር × (0.7 − 0.3) = 400 ሜትር ኩብ። ይህ እናንተ በግንባታችሁ የጨመራችሁት ውሃ ነው። ጨፌው ይዞ ቀስ ብሎ የሚለቀውም እሱን ነው።

50 ሚሊሜትሩን ለምሳሌ ነው የያዝኩት። የራሳችሁን ቁጥር ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጠይቁ፣ ወይም መሐንዲሳችሁ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን የድሬኔጅ (የውሃ ማፋሰሻ) ዲዛይን ማንዋል ይመልከት። ሀገሪቱን በዝናብ ክልል ከፍሎ የዝናብ ኃይል ኩርባ አስቀምጦላችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ “መሬቱ ይጠጣዋል” ብላችሁ ከሒሳቡ አትቀንሱ። ጥቁር አፈር ሰኔ ላይ በስንጥቁ ይጠጣል። ነሐሴ ላይ ጠግቦ ያብጥና ይዘጋል። ትልቁ ዝናብ የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው።

## ደረጃ 4፦ መውጫውንና የጨፌውን ቦታ ወስኑ

መውጫው ቀድሞ ውሃው ይወጣበት የነበረው ነጥብ ይሁን። ወደ ሌላ ጎረቤት አታዙሩት። መንገድ ዳር ቦይ ወይም የከተማ ማንሆል ካለ ከፍታውን ለኩ፤ ከእናንተ መውጫ ዝቅ ማለቱን ሳታረጋግጡ ምንም አትቆፍሩ። ማንሆሉ ከፍ ብሎ ከተገኘ ውሃው ከእሱ ወደ እናንተ ይመጣል።

ጨፌው ከመውጫው ልክ በላይ፣ የግቢው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ይቀመጥ። 400 ሜትር ኩብ በ60 ሴንቲሜትር ከፍታ ለመያዝ 670 ካሬ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ተዳፋቱን፣ የደለል ጉድጓዱንና ማሽን የሚገባበትን መንገድ ስትጨምሩ 1,000 ካሬ ሜትር ያዙ። የማህበሩ ኮሚቴ “ይሄማ የአምስት ሰው ቦታ ነው!” ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው። ግን ያ ቦታ በክረምት ለማንኛውም ውሃ የሚተኛበት ነው፤ ዕጣው ለሚደርሳቸው አምስት ሰዎች ይለቀስላቸዋል።

ሦስት ርቀቶችን ጠብቁ፦

- ጥቁር አፈር ላይ ከማንኛውም የቤት መሠረት ቢያንስ 15 ሜትር። አፈሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን ከሥር እያነሳ ያወርደዋል።
- ከሴፕቲክ ታንክና ከጉድጓድ ውሃ ራቁ። ርቀቱን መሐንዲሱ ይወስን።
- የውሃው መግቢያና መውጫ በተቃራኒ ጫፍ ይሁኑ። ርዝመቱ የስፋቱ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። መግቢያና መውጫው ከተቀራረቡ ውሃው አቋርጦ ይሄዳል፤ የቀረው ጨፌ ለጌጥ ነው።

## ደረጃ 5፦ ሥራውን በወቅቱ አስቀምጡ

ቁፋሮ ከኅዳር እስከ የካቲት። በልግ ሳይጀምር መውጫው፣ ጨፌውና ዋናው ቦይ ማለቅ አለባቸው። እርጥብ ጥቁር አፈር ላይ ማሽን ካስገባችሁ ማሽኑን የሚያወጣ ሌላ ማሽን ትከራያላችሁ።

ሎደሩ ከመግባቱ በፊት፦

1. የላይኛውን 20 ሴንቲሜትር ለም አፈር ገፍፋችሁ ለብቻ ከምሩ። ለተክሉ ያስፈልጋል።
2. ጨፌው የሚሆነውን ቦታ በችካልና በሲባጎ እጠሩ። ተራፊ አፈር፣ ብሎኬት ስባሪና ሲሚንቶ ማቡኪያ እዚያ እንዳይደርስ ለጥበቃውም ለሹፌሮቹም ንገሩ። ጥበቃው ካልተነገረው ሲኖትራኩ ማታ ይደፋል።
3. ከላይኛው ጎረቤት የሚመጣውን ውሃ የሚቀበል ቦይ በላይኛው ወሰን ላይ ቅደዱ። ውሃውን በግቢው ጎን አዙሮ ወደ ድሮው መስመር ይመልሰው።

አጥር ቀድሞ የሚሠራ ከሆነ ውሃው በሚገባበትና በሚወጣበት ነጥብ ላይ ክፍተት ተዉ። ዝግ የብሎኬት አጥር ኋላው ውሃ ከተጠራቀመ ግድብ ይሆናል፤ ለግድብነት ግን አልተሠራም። ሲወድቅ ሰው ላይ ይወድቃል።

## ደረጃ 6፦ መውጫውንና ጨፌውን ቆፍሩ

ከሁሉም በላይ የሚበላሸው ይህ ክፍል ነው። ቀስ በሉ።

የከፍታው ቅደም ተከተል። ከታች ወደ ላይ፦ ሁልጊዜ የሚቆየው ውሃ ደረጃ፤ ከሱ 60 ሴንቲሜትር በላይ የማስተንፈሻው (ትርፍ ውሃ የሚያልፍበት) ወለል፤ ከማስተንፈሻው ወለል 50 ሴንቲሜትር በላይ የግድቡ (ውሃውን የሚይዘው የጨፌው ዳር) አናት። ከዚህ 50 ውስጥ 20ው ኃይለኛ ጎርፍ ሲያልፍ የሚሞላው ነው። 30ው ለመጠባበቂያ ነው፤ አትንኩት።

1. የደለል ጉድጓድ። መግቢያው ላይ፣ ከጠቅላላው መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚይዝ፣ 1 ሜትር ገደማ ጥልቀት። ወለሉን ድንጋይ አንጥፉበት፤ በኋላ ደለል ስታወጡ አካፋው የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ማሽን ወይም ጋሪ የሚደርስበት መንገድ ይኑረው።
2. ጥልቀት የሌለው ክፍል። አብዛኛው ጨፌ ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይኑረው። ፊላውና ቄጤማው የሚበቅሉት እዚህ ነው። ወለሉን በሮለር አትጠቅጥቁ።
3. የመጨረሻ ኩሬ። መውጫው አጠገብ 1 ሜትር ጥልቀት። ደለል ቱቦው አፍ እንዳይደርስ ይከላከላል።
4. ዳርቻ። ከ1 ለ4 የገደለ ተዳፋት አታድርጉ፤ አንድ ሜትር ለመውረድ አራት ሜትር አግድም። በጥልቁ ውሃ ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ ከ30 ሴንቲሜትር የማይጠልቅ እርከን ተዉ። ይህ ለልጆች ነው። ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ልጅ ሲገባ ዳገቱ ነው የማያስወጣው። በተጨማሪ የቁጥቋጦ አጥር እጠሩበት።
5. መልቀቂያ ቱቦ። በምሳሌያችን 90 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቱቦ 400 ሜትር ኩቡን በ20 ሰዓት ገደማ ይለቃል። ክረምት ላይ በየቀኑ ከሰዓት ስለሚዘንብ፣ ነገ ሳይመጣ የዛሬው መውጣት አለበት። የቱቦውን አፍ በኤልቦ (የቱቦ ማጠፊያ) ወደ ታች አዙሩና ከረጋው ውሃ 30 ሴንቲሜትር በታች አድርጉት። የሃይላንድ ፕላስቲክና ፌስታል ስለሚንሳፈፍ አይገባም። ኤልቦው አናት ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ብሱ። ካልበሳችሁት ቱቦው ውሃውን መጦ ጨፌውን ያደርቀዋል።
6. ማስተንፈሻ። በሰዓት 100 ሚሊሜትር የሚወርድ ኃይለኛ ዝናብ ብናስብ ከ2 ሄክታሩ በሴኮንድ 390 ሊትር ገደማ ይመጣል። 3 ሜትር ስፋት ያለው፣ በድንጋይ የተነጠፈ ማስተንፈሻ ውሃው 20 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎበት ያንን ያሳልፋል። ያልተቆፈረ ነባር መሬት ላይ ሥሩት፤ በሙሌት አፈር ላይ ከሆነ ያጥበዋል።
7. ከመውጫው በታች። ቱቦውም ማስተንፈሻውም የሚያርፉበት ላይ ድንጋይ ደርድሩ ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) አድርጉ። ውሃው ከእናንተ ሲወጣ ቀድሞ ከሚሄድበት ፍጥነት መብለጥ የለበትም።

ስለ ግድቡ አፈር። ጥቁር አፈር ለግድብ አይታመንም። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሰኔ ላይ ውሃው በዚያ ስንጥቅ ያልፋል። በተቻለ መጠን በመቆፈር እንጂ በመከመር ውሃ ያዙ። መከመር ግዴታ ከሆነ ከቀይ ሸክላማ አፈር በ20 ሴንቲሜትር ንብርብር እየጠቀጠቃችሁ ሥሩ። ቱቦው በሚያልፍበት ዙሪያ በእጅ መጠቅጠቂያ ጠቅጥቁ፤ መሃል ላይ ዙሪያውን የሚያቅፍ የኮንክሪት አንገትጌ አድርጉለት። ትንንሽ ግድቦችን ከሚያፈርሱት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ በቱቦው ጎን ሾልኮ የሚሄድ ውሃ ነው።

ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግድብ ያለ መሐንዲስ አትሥሩ።

## ደረጃ 7፦ ቦዮቹን ከታች ወደ ላይ ቅደዱ

ከጨፌው ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። እንዲህ ከሆነ በመሃል ዝናብ ቢመጣ እንኳ ውሃው መሄጃ አለው።

የሳር ቦይ ወለሉ ከ60 ሴንቲሜትር እስከ 1 ሜትር፣ ጎኑ 1 ለ3፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲሜትር ይሁን። ስሎፑ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ከ1 በታች ሲሆን ውሃው ይተኛል። ከ4 ሲበልጥ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። በየ10 ሜትሩ በጎማው ለኩ፤ ኦፕሬተሩ “ልክ ነው” ቢላችሁም ለኩ። ሰርዶ ትከሉበት። ሰርዶ ሲረገጥም ሲደርቅም አይሞትም።

ቁልቁለቱ ከ4 በመቶ የማይቀንስበት ቦታ ላይ የድንጋይ እርከን አድርጉ። ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ በ4 በመቶ ስሎፕ ላይ በየ7.5 ሜትሩ ይደረጋል። የመሃሉ ድንጋይ ከጎኖቹ በ15 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። ይህን የረሳ እርከን ውሃውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ውሃው ዞሮ አዲስ ቦይ ይቆፍራል።

ከቤት በ5 ሜትር ውስጥ የሚያልፍ ቦይ ጥቁር አፈር ላይ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራ። ቀይ አፈር ላይ ሳር ይበቃል።

## ደረጃ 8፦ የቤቱን ዙሪያ አስተካክሉ

1. የቤቱ ወለል ተስተካክሎ ካለቀው የግቢ መሬት ቢያንስ 45 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል።
2. ከግድግዳው ጀምሮ በመጀመሪያዎቹ 3 ሜትሮች መሬቱ 15 ሴንቲሜትር ይውረድ። ይህ 5 በመቶ ነው። ኮንክሪት ወይም ኮብልስቶን ከሆነ 2 በመቶ ይበቃል።
3. በመሠረቱ ዙሪያ የሚመለሰውን አፈር በ20 ሴንቲሜትር ንብርብር ጠቅጥቁ። ጥቁሩን አፈር መልሳችሁ አትሙሉበት፤ አውጡትና በገረጋንቲ ተኩት። ከላይ ግን ውሃ የማያስገባ ንጣፍ ያስፈልገዋል። ያለዚያ ገረጋንቲው ራሱ ውሃውን ተቀብሎ መሠረቱ ሥር ያቁረዋል።
4. አሸንዳው ያወረደው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይወድቅ። በንጣፍ ቦይ እስከ ሳር ቦዩ ውሰዱት።
5. አትክልት ቦታ ከግድግዳው አርቁ። ጽጌረዳ የምታጠጡበት ውሃ ነው ቤቱን የሚሰነጥቀው።

በጥብቅ የተከለከለ፦ የሽንት ቤት፣ የማዕድ ቤትም ሆነ የመኪና እጥበት መስመር ከዝናብ ቦዩ ጋር አይገናኝ። ቧንቧ ሠራተኛው አጭሩ መንገድ ስለሆነ ብቻ ሊቀጥለው ይችላል። ከመደፈኑ በፊት ቆማችሁ እዩ።

## ደረጃ 9፦ ተክሉን ትከሉ

የከመራችሁትን ለም አፈር ጥልቀት በሌለው ክፍል ላይ 15 ሴንቲሜትር መልሱ። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ትከሉ። ሐምሌ ላይ ከተከላችሁ ሥር ሳይሰድ ይሰምጣል።

ፊላና ቄጤማ በየ50 ሴንቲሜትሩ፤ ባሕር ዳር አካባቢ ላላችሁ ደንገል አለላችሁ። ችግኙን ከቅርብ ጨፌ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር አምጡ፤ እንቦጭ ካለበት ውሃ ግን ምንም ነገር አታምጡ። ሥሩ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ቁራጭ ትበቃለች። ዳርቻው ላይ ሰርዶ፣ ግድቡ ላይ ቬቲቨር ሣር ጥሩ ነው። ዛፍ ግድብ ላይ አይተከልም፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወለሉ በ5 ሴንቲሜትር በላይ ውሃ አይቁም። ለዚህ ከመልቀቂያው ዝቅ ያለ፣ በክዳን የሚዘጋ ሁለተኛ ቱቦ ቀድማችሁ አስገቡ። ተክሉ ሲቆም ዝጉት። በኋላ ጨፌውን ለማጽዳት ባዶ ስታደርጉም ይጠቅማችኋል።

## ደረጃ 10፦ ዝናብ ሳይመጣ ፈትሹ

አንድ ቦቴ ውሃ አስመጡና በላይኛው ቦይ ልቀቁ። ተከትላችሁ ሂዱ። የሚቆምበት፣ የሚሾልክበት፣ ከቦዩ የሚወጣበት ቦታ ካለ በቀለም ምልክት አድርጉና የዚያኑ ቀን አስተካክሉ። ቦቴው ጨፌውን አይሞላውም፤ የቦዩን ስሎፕ ግን ይነግራችኋል።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ቤቱ ሥር ውሃ ይቆማል። የተመለሰው አፈር ሰጥሟል ማለት ነው። ንጣፉን አንሡ፣ ጠቅጥቁ፣ ስሎፑን መልሱ። ላዩ ላይ ሲሚንቶ መለሰን መፍትሔ አይደለም፤ በሚቀጥለው ክረምት እሱም ይሰጥማል።

ማስተንፈሻው በተራ ዝናብ ይፈስሳል። መጀመሪያ የመልቀቂያ ቱቦውን አፍ ፈትሹ፤ ተዘግቶ ይሆናል። ክፍት ከሆነ ደለል ቦታውን ወስዶታል። ሁለቱም ካልሆነ ከላይ አዲስ ውሃ እየመጣ ነው፤ የላይኛው ጎረቤት ምን እንደሠራ እዩ።

ከግድቡ ውጭ ውሃ ይንጠባጠባል። ንጹሕ ከሆነና ካልጨመረ ምልክት አድርጋችሁ ተከታተሉ። ከደፈረሰ አፈር እየወጣ ነው፤ ዝቅተኛውን ቱቦ ከፍታችሁ ጨፌውን አጉድሉ፣ ከታች ያሉ ሰዎችን አስጠንቅቁ፣ መሐንዲስ ጥሩ። ከውጭ በኩል በአፈር ለመድፈን አትሞክሩ።

ውሃው ይሸታል፣ ይጠቁራል። የሆነ ቤት ፍሳሽ ገብቷል። ዝናብ በሌለበት ቀን የሚፈስ ቦይ ፈልጉ፤ ተከትላችሁ ስትወጡ ቤቱን ታገኙታላችሁ።

ትንኝ በዛ። ብዙውን ጊዜ ከጨፌው ሳይሆን ከተረሳ ጎማ፣ ከበርሜልና ከተዘጋ ቦይ ነው። መጀመሪያ እነሱን አጽዱ። አዳማ፣ ድሬዳዋና ሌሎች ወባ ያለባቸው ከተሞች ላይ ከሆናችሁ ቋሚ ውሃ የሌለው፣ ከዝናብ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ፈጽሞ የሚደርቅ የሳር ጉድጓድ ምረጡ።

በጋ ላይ ጨፌው ይደርቃል። ይድረቅ። ፊላው ከላይ ቢደርቅም ሥሩ ይቆያል። ከብት እንዳይገባበት ብቻ ጠብቁ። የተሰነጠቀውን ግድብ ግን በግንቦት ስንጥቁን ቆፍራችሁ፣ አርጥባችሁ፣ ጠቅጥቁት።

ፊላው ሁሉን ሸፈነ። በጋ ላይ አጭዳችሁ አውጡት፤ አጭዳችሁ እዚያው አትተዉት። መውጫው ዙሪያ 3 ሜትር ምንጊዜም ክፍት ይሁን።

## በየዓመቱ

በግንቦት የደለል ጉድጓዱን ለኩ፤ ግማሹ ከሞላ አውጡት። ቦዮቹን ከፌስታልና ከአፈር አጽዱ። ማስተንፈሻው ላይ ማንም ብሎኬት እንዳልደረደረ፣ መኪና እንደማይቆምበት እዩ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ አንድ ሰው የቱቦውን አፍ ይይ። ያ ሰው ማን እንደሆነ በማህበሩ ቃለ ጉባኤ በስም ይጻፍ፤ ክፍያም ይኑረው። “ሁላችንም እናየዋለን” የተባለ ቱቦ ማንም አያየውም።